የካርቱም የቅርጫት ኳስ ዘመን

የአገራችን ሰው «አባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» ይላል። ከሰከላ ምንጭ ተነሥቶ፣ ጣናን አቋርጦ፣ የጎጃምን ገደል ዞሮ የሚወርደው ይህ ወንዝ፣ ደጋውንና ቆላውን ጨርሶ ከሜዳው ከደረሰ በኋላ ከደቡብ ከሚመጣው ከነጭ አባይ ጋር የሚገናኘው በካርቱም ነው። ሱዳኖች የእኛን አባይ «ሰማያዊ» ብለው ይጠሩታል፤ ሁለቱ ወንዞች የሚገናኙበትንም ስፍራ «ሞግረን» ይሉታል። ከዚያ ቆሞ የተመለከተ ሰው፣ ሁለቱ ውሆች ወዲያው ሳይቀላቀሉ በየመልካቸው ጎን ለጎን ጥቂት መንገድ ሲሄዱ፣ ኋላም አንድ ሆነው ወደ ሰሜን ሲያመሩ ያያል። በሁለቱ ወንዞች መካከል ካርቱም፣ ከሰማያዊው ወንዝ ማዶ ሰሜን ካርቱም፣ ከነጩ ማዶ ደግሞ ኦምዱርማን ተቀምጠዋል፤ ከተማይቱም ሦስት ሆና አንድ ናት።

ከጎንደር ተነሥቶ በመተማ በኩል ድንበሩን የተሻገረ መንገደኛ ጋላባትን፣ ገዳሪፍንና ወድ መደኒን አልፎ ካርቱም ይገባ ነበር። በዚህ መንገድ ነጋዴው ለንግዱ፣ ተማሪው ለትምህርቱ፣ ስደተኛው ለነፍሱ ተጉዟል። ከ2023ቱ ጦርነት በፊት (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ዴም በሚባለው ሰፈር ለሚመላለስ ሰው አማርኛና ትግርኛ ከዓረብኛ ጋር ተደባልቀው ይሰሙት ነበር። በየመንገዱ ዳር፣ በዛፍ ጥላ ሥር፣ ትንሽ የከሰል ምድጃ አስቀምጠው ሻይና ዝንጅብል የገባበት ቡና ከሚሸጡት ሴቶች መካከል ብዙዎቹ የኢትዮጵያና የኤርትራ ልጆች ነበሩ።

ካርቱም በእኛ ዘንድ በስፖርት ስትነሣ አስቀድሞ የሚታሰበው የእግር ኳስ ነው። የካቲት 1957 የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ የተደረገው በዚህች ከተማ ነበር። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንም በዚያው ወር በዚያችው ከተማ ተመሠረተ፤ ከመሥራቾቹም አንዱ የእኛው አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀሉበትን ቡድን ለማሰለፍ ባለመፍቀዷ ከውድድሩ ስለ ወጣች፣ ኢትዮጵያ ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች፤ በፍጻሜውም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። ይህን ታሪክ ብዙ ሰው ያውቀዋል። እኔ ግን ዛሬ ላወራ የፈለግሁት በዚያችው ከተማ በእጅ ስለምትመታው ሌላይቱ ኳስ ነው።

የቅርጫት ኳስ ከመነሻው የትምህርት ቤት ልጅ ነው። በ1891 በአሜሪካ በስፕሪንግፊልድ ከተማ፣ እኛ ወወክማ የምንለው ማኅበር ባቋቋመው ትምህርት ቤት ያስተምሩ የነበሩት ጄምስ ናይስሚዝ፣ ተማሪዎቻቸው በብርዱ ወራት በአዳራሽ ውስጥ የሚጫወቱት ጨዋታ ቢያጡ፣ ሁለት የኮክ ቅርጫቶች ከግድግዳ ላይ አስቸንክረው 13 ሕጎች ጻፉ። ጨዋታው ሰፊ መስክ አይጠይቅም፤ ለእያንዳንዱ ወገን አምስት ሰው ይበቃዋል። ስለዚህ ሚሲዮናውያን በሄዱበት አገር ሁሉ ከደወሉና ከጥቁር ሰሌዳው ጋር አብሮ ሄደ። እኛ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግን ሰዎች ይህን እናውቀዋለን። ከትምህርት በኋላ ደወል ተደውሎ ኳስ ሲወጣ፣ ጠዋት በክፍል ውስጥ በቋንቋና በሃይማኖት ተለይቶ የተቀመጠው ልጅ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተደባልቆ ይገኝ ነበር።

በካርቱም ይህን ሥራ ከሠሩት ትምህርት ቤቶች አንዱ ኮምቦኒ ኮሌጅ ነው። ስሙን ያገኘው በ1881 በዚያችው ከተማ ካረፉት፣ በ2003ም ከቅዱሳን ተርታ ከተቆጠሩት ከኢጣሊያዊው ጳጳስ ከዳንኤሌ ኮምቦኒ ነው። ትምህርት ቤቱ የተከፈተው በ1929 ሲሆን፣ «ኮሌጅ» ቢባልም በመጀመሪያ የወንዶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር። በግቢው የእስላሙም የክርስቲያኑም ልጅ፣ የሱዳኑም፣ የግሪኩም፣ የአርመኑም፣ የሐበሻውም ልጅ አብሮ ተምሯል።

ከጦርነቱ በፊት በነበሩት ዓመታት፣ ፀሐይ ከተቆለመመች በኋላ በካርቱም ሻይ ቤቶች ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ተሰብስበው ስለ ቀድሞው የትምህርት ቤት ጨዋታ ሲያወሩ መስማት የተለመደ ነበር። ወሬያቸውም በየትም አገር ያሉ የቀድሞ ተጫዋቾች ከሚያወሩት የተለየ አልነበረም። የሲሚንቶው ሜዳ በቀትር ሐሩር ግሎ ስለሚውል ጨዋታው የሚጀመረው ከዓሥር ሰዓት በኋላ እንደ ነበር፤ ነፋስ ከበረሃው አቧራ ይዞ ሲመጣ ቅርጫቱ እንደማይታይ፤ ጫማ የሌለው ከጓደኛው ተውሶ እንደሚገባ ይናገሩ ነበር። ስንት ለስንት እንዳሸነፉ በሚነሣው ክርክር ግን ሁለት ሰዎች አይስማሙም። በአንድ ነገር ብቻ ሁሉም ይስማሙ ነበር፤ ይኸውም ኳሱን ማን ለማን እንዳቀበለ ነው። ነጥቡን ረስተው ጓደኛቸውን ማስታወሳቸው ደስ የሚያሰኝ ነው።

እንግዲህ የካርቱም የቅርጫት ኳስ ክብር ከየት እስከ የት ነበር? በ1962 የመጀመሪያው የአፍሪካ የቅርጫት ኳስ ሻምፒዮና በካይሮ ሲደረግ ግብፅ አንደኛ፣ ሱዳን ሁለተኛ፣ ሞሮኮ ሦስተኛ ወጡ። ነጻነቷን ካገኘች ገና ስድስት ዓመት ለሆናት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም በዚያው ጊዜ ሰሜኑና ደቡቡ በ1955 የጀመሩት ጦርነት አልበረደም ነበር። ጦርነቱ የቆመው በ1972፣ በንጉሠ ነገሥቱ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሸምጋይነት የሁለቱ ወገኖች መልእክተኞች አዲስ አበባ ላይ በተስማሙ ጊዜ ነው። ያ ሰላም 11 ዓመት ቆየ። ከዚህ በታች የማወራለት ሰው ኳስን የተማረው በእነዚህ 11 ዓመታት ውስጥ ነው።

ማኑት ቦል ከደቡብ ሱዳን የዲንቃ ነገድ ነው፤ ልጅነቱንም ያሳለፈው የአባቱን ከብት በመጠበቅ ነው። ቁመቱ 2 ሜትር ከ31 ሳንቲሜትር ደረሰ። አስቀድሞ የእግር ኳስ ሞክሮ ነበር፤ ነገር ግን ለእግር ኳስ እጅግ ረዘመ። ስለዚህ በ1970ዎቹ መጨረሻ በዋው ከተማ፣ ኋላም በካርቱም የቅርጫት ኳስ መጫወት ጀመረ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዘሎ ኳሱን ከላይ ወደ ቀለበቱ ሲከት ጥርሱ ከቅርጫቱ ጋር ተጋጭቶ እንደ ተሰበረ ይነገራል። በካርቱም ለጥቂት ዓመታት ተጫወተ፤ የሱዳን ብሔራዊ ቡድን አባልም ሆነ።

የትዝታ ጸሐፊ ሁሉ መልካም መልካሙን ብቻ መርጦ እንዳያወራ መጠንቀቅ ይገባዋል። ማኑት ቦል በካርቱም በመልኩና በትውልዱ ምክንያት ንቀት ደርሶበታል። በሜዳው ላይ ኳሱን የሚያቀብለው ሰው ሁሉ ከሜዳው ውጭ እንደ እኩያው አላየውም። ስለዚህ ያ ዘመን ፍጹም ነበር ማለት አይቻልም። ቢሆንም የሰሜኑም የደቡቡም ልጅ አንድ ዓይነት ልብስ ለብሶ ለአንድ ስም የተጫወተበት ዘመን ነበርና፣ ከኋላው ከመጣው ጋር ሲመዛዘን ክብሩ ይታያል።

ዶን ፊሊ የሚባሉ አሜሪካዊ አሠልጣኝ ወደ ሱዳን መጥተው ሳለ አዩትና ወደ አገራቸው እንዲሄድ አግባቡት። በ1983 አሜሪካ ገባ፤ በ1984 መጨረሻም በኮኔቲከት በምትገኘው በብሪጅፖርት ዩኒቨርሲቲ ቡድን መጫወት ጀመረ። ይህ ትልቅ ስም የሌለው ትንሽ ኮሌጅ ነበር። ቀድሞ ጨዋታውን ለማየት የሚመጣው ሰው ከ500 እስከ 600 ያህል ሲሆን፣ ማኑት ከገባ በኋላ 1,800 ሰው የሚይዘው አዳራሽ እየሞላ ሰው ከበር ይመለስ ጀመር። በዚያ የውድድር ዓመት ቡድኑ 26 ጊዜ አሸንፎ 6 ጊዜ ብቻ ተሸነፈ። የማኑትም ድርሻ በአማካይ በአንድ ጨዋታ 22.5 ነጥብ ማስቆጠር፣ ከሰሌዳው የተመለሰ 13.5 ኳስ መያዝ፣ ወደ ቅርጫቱ የተወረወረ 7.1 ኳስ በእጁ መመለስ ነበር። በኮሌጅ የቆየው አንድ ዓመት ብቻ ነው። በ1985 የዋሺንግተን ቡድን ወሰደው፤ በመጀመሪያ ዓመቱም 397 ኳሶች አገደ። በካርቱም ፀሐይ የተጀመረው ትምህርት በብሪጅፖርት አዳራሽ ተመረቀ ማለት ይቻላል።

ነገር ግን እርሱ ወደ አሜሪካ በሄደበት በዚያው በ1983 የአዲስ አበባው ስምምነት ፈርሶ ሁለተኛው ጦርነት ተነሣ። ጦርነቱም እስከ 2005 ዘለቀ። ከደቡብ የሸሸው ሕዝብ በካርቱም ዙሪያ በድንኳንና በጭቃ ቤት ሰፈረ። የካርቱም ክርስቲያኖች መሰብሰቢያ የነበረውን የካቶሊክ ክበብ በ1998 መንግሥት ወሰደው፤ ቤቱም የገዥው ፓርቲ ጽሕፈት ቤት ሆነ። ማኑት ቦል ካገኘው ገንዘብ ብዙውን ለወገኖቹ ርዳታ አውጥቶ፣ ወደ ካርቱም ተመልሶ ተቀመጠ። ልጁ ቦል ቦልም የተወለደው በ1999 በካርቱም ነው። ለማኑት የስፖርት ሚኒስትርነት ሹመት ቢቀርብለት፣ ሃይማኖቱን እንዲለውጥ ስለ ተጠየቀ እምቢ አለ። በመጨረሻም በካይሮ በኩል ወጥቶ በ2002 ስደተኛ ሆኖ አሜሪካ ገባ። በሰኔ 2010 በ47 ዓመቱ ዐረፈ፤ በደቡብ ሱዳንም ተቀበረ። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ሐምሌ 2011፣ ያ አገር ነጻ ሆነ።

ግንዱን ይዞ የሚዞረው ውሃ ግን አልቆመም። ማኑት ቦል በግብፅ ሳለ ከደቡብ ሱዳን ለተሰደዱ ልጆች ኳስ ያስተምር ነበር፤ ከእነርሱም አንዱ በ1985 በዋው የተወለደው ሉኦል ዴንግ ነው። ይህ ልጅ በለንደን አድጎ፣ በአሜሪካ በዱክ ዩኒቨርሲቲ ተጫውቶ፣ ታላቅ ተጫዋች ሆነ፤ በ2019ም የደቡብ ሱዳን የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ተባለ። በካርቱም የተወለደው ቦል ቦልም በኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ቡድን አልፎ የአባቱን መንገድ ተከተለ። የደቡብ ሱዳን ቡድን በ2023 በዓለም ዋንጫ ቻይናን፣ ፊሊፒንስንና አንጎላን አሸንፎ ለፓሪስ ኦሊምፒክ አለፈ። ከኦሊምፒኩም በፊት ለንደን ላይ በተደረገ ጨዋታ በአሜሪካ ቡድን 101 ለ 100፣ በአንድ ነጥብ ብቻ፣ ተሸነፈ።

ሐምሌ 28 ቀን 2024 በፓሪስ ኦሊምፒክ ከፖርቶ ሪኮ ጋር ሊጫወቱ ተሰልፈው ሳሉ፣ በስሕተት የደቡብ ሱዳን መዝሙር ቀርቶ የሱዳን መዝሙር ተሰማ። ተመልካቹ ጮኸ፤ መዝሙሩም ተቋረጠ። ጥቂት ቆይቶ ትክክለኛው መዝሙር ሲሰማ ሕዝቡ አጨበጨበ፤ ቡድኑም 90 ለ 79 አሸነፈ። ለተጫዋቾቹ ስሕተቱ የሚያሳዝን ነበር፤ ለዚያ መዝሙር ያልሆነ ብዙ ደም ፈስሷልና። የካርቱምን የቀድሞ ሜዳ ለሚያውቅ ሽማግሌ ግን ያ ጊዜ ሌላም ነገር ያሳስበዋል፤ አንድ ወቅት አባቶቻቸው በዚያው በተሳሳተው መዝሙር ሥር አብረው ተሰልፈው ነበር።

ከዚያም በፊት፣ ሚያዝያ 15 ቀን 2023፣ በራሷ በካርቱም ጦርነት ተነሣ። ሁለቱ ወታደራዊ ኃይሎች በከተማይቱ መካከል ተዋጉ፤ ሕዝቡ ወደ ካይሮ፣ ወደ ፖርት ሱዳን፣ ወደ ጁባ፣ በመተማም በኩል ወደ አገራችን ተበተነ። ከኮምቦኒ ትምህርት ቤት ጋር የተያያዘውና በ2001 የተከፈተው የሳይንስና የቴክኖሎጂ ኮሌጅም ሥራውን ወደ ፖርት ሱዳን አዛወረ። በመጋቢት 2025 የሱዳን ጦር ቤተ መንግሥቱን መልሶ ያዘ፤ የተሰደደው ሰውና የፈረሰው ቤት ግን በአንድ ቀን አይመለስም።

እንግዲህ በአዲስ አበባም ሆነ በጁባ ስለ ካርቱም የኳስ ዘመን የሚያወራ ሽማግሌ ሲገኝ፣ «የድሮ ሰው ሁሉ ድሮን ያደንቃል» ተብሎ ሊታለፍ አይገባም። የሚያወራው ስለ ዋንጫ ብቻ አይደለም። የ1972ቱ ስምምነት 11 ዓመት ብቻ ቆይቶ የዓለምን ታላቅ ተጫዋች ካፈራ፣ 50 ዓመት ቢቆይ ምን ሊያፈራ ይችል እንደ ነበር ማሰብ ይገባል። ኳስ ሰላምን አያመጣም፤ ሰላም ባለበት ግን ልጆች ሜዳ ላይ ይወጣሉ፣ መምህሩም ደወሉን ይደውላል። ስለዚህ በዚያች ከተማ የተማሩ ሰዎች የቡድኖቻቸውን ፎቶግራፍና የመምህሮቻቸውን ስም በሕይወት ሳሉ ለልጆቻቸው ጽፈው ቢያቆዩ፣ ነገ ሜዳውን መልሶ የሚሠራው ሰው ማን ከማን ጋር እንደ ተጫወተበት ያውቃል።