ከገመዱ ሥር የቀረው ጓዝ

በ2010 ዓ.ም. በኅዳር ወር፥ እኛ ሁለት ወንድማማቾች ከእናታችን ጋር ደብረ ዳሞን ለመሳለም ከአዲስ አበባ ተነሣን። የስምንት ቀን መንገደኞች ስንሆን የስምንት ወር ዕቃ ስለ ጫንን፥ የመኪናው መዝጊያ እንኳ አልገጥም ብሎን ነበር።

ደብረ ዳሞ በትግራይ፥ ከአክሱም ወደ አዲግራት ከሚወስደው መንገድ ወደ ሰሜን ገባ ብሎ የሚገኝ፥ ዙሪያው ገደል፥ ራሱ ሜዳ የሆነ አምባ ነው። ገዳሙን በ6ኛው መቶ ዓመት የመሠረቱት ከተሰዓቱ ቅዱሳን አንዱ አቡነ አረጋዊ ናቸው፤ ጻድቁን ዘንዶ ተሸክሞ እንዳወጣቸው ይተረካል። ሌላው ሰው ግን የሚወጣው በገመድ ነው። 15 ሜትር ያህል ከሚሆነው ገደል አፋፍ ጠፍር ይወርዳል፤ አንዱን በወገብ ታጥቆ፥ ሁለተኛውን በእጅ ጨብጦ፥ እግርን ከዓለቱ እያስደገፉ መውጣት ነው። ሴቶች ስለማይወጡ እናታችን ከሥር ሆነው ይጸልዩ ጀመር።

ጓዛችንን ይዘን ለመውጣት ስንሰናዳ፥ ገመዱን የሚጠብቁት መነኩሴ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፥ «ልጆቼ፥ ገመዱ ሁሉን ያወጣል፤ ነገር ግን ያወጣችሁትን ሁሉ መልሳችሁ ታወርዱታላችሁ» አሉን። ይህን በሰማን ጊዜ ጓዛችንን እንደ ገና ፈታን። በመጨረሻ ይዘን የወጣነው ነጠላችንን፥ ዳዊታችንን፥ ለቤተ ክርስቲያኑም ያመጣነውን ጧፍና ዕጣን ብቻ ነው።

እላይ ያየነው ኑሮ ሁሉ በልክ ነው። አባቶች የክረምቱን ዝናብ ከዓለቱ በተፈለፈሉ ጕድጓዶች ያጠራቅማሉና፥ አንድ ጣሳ ውሃ በከንቱ አይፈስም። ቤተ ክርስቲያኑ ድንጋይና እንጨት እያፈራረቁ የሠሩት ጥንታዊ ሕንፃ ሲሆን፥ ጣሪያው የአራዊት ሥዕል በተቀረጸባቸው ሳንቃዎች ያጌጠ ነው። የመነኮሳቱ መኖሪያ ግን ጠባብ የድንጋይ ቤት፥ መኝታቸውም መደብ ነው። ጌጡን ሁሉ ለእግዚአብሔር ቤት ትተውታል።

አንድ ሌሊት አድረን ስንወርድ፥ እናታችን ከጓዛችን አጠገብ ተቀምጠው ጠበቁን። «ልጆቼ፥ እላይ ሳላችሁ ከዚህ ሁሉ የትኛውን ፈልጋችሁ አጣችሁ?» ብለው ጠየቁን። የአንዱንም ስም ልንጠራ ስላልቻልን አፈርን።

ቤታችን እንደ ገባን ሣጥኑን ሁሉ ከፍተን የማንለብሰውን ለነዳያን ሰጠን። ነገር ግን እውነቱን መደበቅ አይገባንም፤ ዓመት ሳይሞላ ሣጥኑ ዳግመኛ ሞላ። በአንድ ቀን ትጋት የጠራ ቤት በየቀኑ ቸልታ እንደሚጨናነቅ ያን ጊዜ ተረዳን። ስለዚህ በየወሩ በ14፥ የጻድቁ መታሰቢያ በሚውልበት ዕለት፥ ሳንነካው የከረመውን እየለየን፥ ያልተቀደደውን አጥበን እንሰጣለን። አንድ ነገር ከመግዛታችን በፊትም፥ «ይህን በገመድ አውጥተን መልሰን እናወርደው ነበርን?» እንባባላለን። ማታ ከጸሎት በፊት ዕቃው ሁሉ ወደ ስፍራው ይመለሳል፤ ዱሮ ቁልፍ ስንፈልግ ያልፍ የነበረው የጧት ሰዓትም ዛሬ ለውዳሴ ማርያም ተርፎናል።

በ2013 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት በገዳሙ ላይ ጉዳት መድረሱ በተሰማ ጊዜ፥ አምባውን ከሥር ሆነው ብቻ ያዩት እናታችን አለቀሱ። በዚያ ወር በ14 የለየነው ልብስ ለተፈናቀሉ ወገኖች ሆነ።

ውድ አንባብያን ሆይ፥ ወደ ደብረ ዳሞ መሄድ ለሁሉ አይቻልም፤ ጓዝን መፈተሽ ግን በየቤታችን የሚቻል ነው። ሁላችንም አንድ ቀን ያለ ጓዝ እንሄዳለንና፥ ማቅለልን ከወዲሁ እንልመድ።