«አትሽጡ» ያልኩበት ዓመት

በ2015 ዓ.ም. የቡና ወቅት ቦንጋ ላይ ሁለት ጥፋት አጥፍቻለሁ። አንዱ በራሴ ገንዘብ ላይ ነው፤ ሌላው ባመኑኝ ሰዎች ላይ። የመጀመሪያውን ዕዳ ከፍዬ ጨርሻለሁ። የምናዘዘው ሁለተኛውን ነው።

ሐምሌ 2013 የብራዚልን ቡና ውርጭ መታው። የኒውዮርክ ገበያ ሽቅብ ወጣና የካቲት 2014 ላይ አንድ ፓውንድ አረቢካ ከ2 ዶላር ከ50 ሳንቲም አለፈ። በዚያ ዓመት ጀንፈል (ከነቅርፊቱ የደረቀ ቡና) አቆይቼ አተረፍኩ። ዕድሌን እንደ ዕውቀት ቆጠርኩት፤ ጥፋቴ የተጠነሰሰው ያኔ ነው።

በቀጣዩ ኅዳር ተበድሬ ጀንፈል ሰበሰብኩ። የዓለም ዋጋ ግን እያሽቆለቆለ ነበር፤ ጥር 2015 ላይ 1 ዶላር ከ50 ሳንቲም ገደማ ደረሰ። አገር ውስጥ ዋጋው ያን ያህል ያልወረደው ላኪዎች ዶላር ለማግኘት ሲሉ በኪሳራም ይገዙ ስለነበር ነው። ይህን እያወቅኩ፣ ከገዛሁበት በታች መሸጥ ሽንፈት መሰለኝ። ወሬ በሰማሁ ቁጥር ልቤ ይዋልላል፤ ጠዋት «ልሽጥ» ያልኩትን ማታ «ይቆይ» እላለሁ።

የከፋው ግን በልቤ እየዋለልኩ ለሰው በእርግጠኝነት መናገሬ ነው። አንዲት ጎረቤታችን፣ እናት ናቸው፣ «ልጄ፣ ቡናዬን ልሽጠው ወይስ ይቆይ?» ብለው ጠየቁኝ። «እማማ፣ አይሽጡ፤ ገና ይወጣል» አልኳቸው። ለልጃቸው ትምህርት ሌላ ገንዘብ እንደሌላቸው አውቅ ነበር። እኔ ብሳሳት ዕዳ ውስጥ እገባለሁ፤ እሳቸው ግን የዓመት ጉሮሯቸው ይዘጋል። ልዩነቱን አልነገርኳቸውም።

ክረምት ገባ። በደንብ የደረቀ ጀንፈል በእፍኝ ይዘው ሲነቀንቁት ይንኮሻኮሻል። ሐምሌ ላይ ከግድግዳ ተጠግቶ የተደረደረውን ጆንያ ፈትቼ እጄን ስሰድ ያ ድምፅ የለም፤ እርጥበት ስቦ ሻግቷል። ደንግጬ ለመጀመሪያው ገዥ በጠራው ዋጋ ሰጠሁት። እናቲቱም በርካሽ ሸጡ። ልጃቸው በዚያ ዓመት አልተመዘገበም።

የካቲት 2017 የኒውዮርክ ዋጋ ከ4 ዶላር ሲያልፍ «ብትታገሥ ኖሮ» ያሉኝ አሉ። አልቀበለውም። የሻገተ ጀንፈል ያን ቀን አያይም፤ በኋላ የመጣ ዋጋም የትናንቱን ጭፍን ውሳኔ ትክክል አያደርገውም። ጥር 2017 የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ስለ አክሲዮን የሚጠይቁኝ ወጣቶች አሉ። አክሲዮን ጎተራ ውስጥ አይሻግትም፤ በብድር ወይም ለትምህርት ቤት ክፍያ በተያዘ ገንዘብ የተገዛ ከሆነ ግን ባለቤቱ ዋጋው በወረደ ሰዓት ተገዶ ይሸጠዋል።

አሁን ምን ያህሉን መቼ እንደምሸጥ ከለቀማ በፊት፣ ልቤ ሳይሸበር፣ ጽፌ አስቀምጣለሁ፤ ተበድሬም ቡና አላቆይም። ለእናቲቱ ቤታቸው ሄጄ ምክሬ ግምት እንደነበር ነግሬ ይቅርታ ጠይቄያለሁ። የጎደለባቸውን ብር መተካት ችያለሁ፤ ለልጃቸው ያለፈበትን ዓመት ግን መመለስ አልችልም። ስለዚህ «ልሽጥ ወይስ ይቆይ?» ለሚለኝ ሰው ገንዘቡ ለምን እንደሚያስፈልገው ሳልጠይቅ አልመልስም። ለልጅ ትምህርት ወይም ለዕዳ ከሆነ «ሽጥ» እላለሁ፤ ዋጋው በማግሥቱ ቢወጣም አይቆጨኝም።