በስምሽ የተጻፈውን አንብቢ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ሲያትል ገብተሽ ሥራ ከመጀመርሽ በፊት አንድ ነገር እንድታደርጊልኝ እፈልጋለሁ። በቃል ብነግርሽ በስንብቱ ግርግር ይጠፋል ብዬ ጻፍኩልሽ። እናትሽ ስለ ምግቡም ስለ ብርዱም የምትለውን ብላለች። የእኔ አደራ ስለ ክሬዲት ሪፖርትሽ ነው።

ካርድሽን በጊዜው እንደምትከፍዪ አውቃለሁ፤ ስኮርሽንም ስልክሽ ላይ ታያለሽ። እኔ የምልሽ ግን ቁጥሩን ሳይሆን ቁጥሩ የወጣበትን መዝገብ ነው። ስኮሩ ከ300 እስከ 850 ባለው መካከል ከፍ ዝቅ ማለቱን ይነግርሻል እንጂ ማን ምን ብሎ እንደጻፈብሽ አያሳይሽም። ያንን የሚያሳየው ሪፖርቱ ነው፤ በስምሽ የተከፈተው ሒሳብ ሁሉ፣ የዘገየ ክፍያ፣ የኖርሽበት አድራሻ፣ መዝገብሽን የጠየቀው አበዳሪ እዚያ አለ። ኢኩዊፋክስ፣ ኤክስፒሪያንና ትራንስዩኒየን የሚባሉት ሦስት ኩባንያዎች ይህን በየራሳቸው ይይዛሉ። አንቺ አልቀጠርሻቸውም፤ ገበያቸው ከአበዳሪው ጋር ነው። የተላከላቸውን ይመዘግባሉ፤ የአንቺ መሆን አለመሆኑን ከራስሽ በቀር በርግጠኝነት የሚያውቅ የለም። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2013 ባወጣው ጥናት ከአምስት ሰው አንዱ ቢያንስ በአንዱ ሪፖርት ላይ ስህተት ተገኝቶበት ታርሞለታል። አንዱ ጋ ያለው ስህተት ሌላው ጋ ላይኖር ስለሚችል ሦስቱንም ማየት አለብሽ።

ነገሩ በእኛ ሰው ላይ የሚብሰው በምክንያት ነው። እዚህ ስንመጣ የአባታችን ወይም የአያታችን ስም ላስት ኔም ሆነና ወንድማማች ሁሉ በአንድ ስም ተመዘገበ። በሱዳን በኩል ከመጣነው ውስጥ ብዙዎቻችን የልደት ወረቀት ስላልነበረን ጃንዋሪ 1 ተወለዱ ተብለን ተጻፍን። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርም እስከ 2011 አጋማሽ ድረስ በተራ ይሰጥ ስለነበር አብሮ ያመለከተ ቤተሰብ የሚቀራረብ ቁጥር ያገኝ ነበር። አንድ ቤት የሚኖሩ፣ ስማቸውና የልደት ቀናቸው የገጠመ፣ ቁጥራቸው በአንድ አኃዝ ብቻ የሚለያይ ሁለት ሰዎችን ኮምፒዩተሩ አንድ ሰው ቢያደርጋቸው ምን ይደንቃል? የአጎትሽ የሆስፒታል ዕዳ እኔ መዝገብ ላይ የገባው በዚህ ዓይነት ነው። የታወቀው ደግሞ ቤት ልንገዛ ሞርጌጅ በጠየቅን ጊዜ ነው። እስኪታረም ድረስ ቤቱን ሌላ ሰው ገዛው። እናትሽ ዛሬም በዚያ በኩል ስናልፍ ዞር ብላ ታየዋለች።

አንቺ የልደት ወረቀት አለሽ፤ እኔ ግን አልተኛሁም። ስምሽን አንዱ ባንክ አንድ ፊደል ጨምሮ፣ ሌላው ቀንሶ ይጽፈዋል፤ የወንድምሽም ላስት ኔም ያው ያንቺው ነው።

የስም መመሳሰል የት እንደሚያደርስ ለማወቅ የሰርጂዮ ራሚሬዝን ጉዳይ ተመልከቺ። በ2011 ካሊፎርኒያ ውስጥ ዱብሊን በምትባል ከተማ ከሚስቱና ከሚስቱ አባት ጋር መኪና ሊገዛ ሄደ። ሻጩ ያስመጣው የትራንስዩኒየን ሪፖርት የአሜሪካ ግምጃ ቤት በሽብርና በዕፅ ዝውውር ከዘረዘራቸው ሰዎች ጋር ስሙ ይገጥማል ይል ነበር። የተመሳከረው የመጀመሪያና የመጨረሻ ስም ብቻ ነው፤ የልደት ቀን እንኳ አልታየም። ለአንተ አንሸጥም አሉት፤ መኪናው በሚስቱ ስም ተገዛ። ሰውዬው ከሰሰ፤ በክሱም እንደሱ የተጻፈባቸው 8,185 ሰዎች ተካተቱ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2021 አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ ተወሰነ፤ መክሰስ የሚችሉት ሪፖርታቸው ለሌላ ወገን የተላከባቸው 1,853 ሰዎች ናቸው ተባለ። የቀሩት ስማቸው በመዝገቡ ተበላሽቶ ቢቀመጥም ማንም ስላላየው አልተጎዱም ማለት ነው። እኔ ይህን ፍርድ ትክክል ነው አልልም። ግን ምን እንደሚያስገድድሽ ይገባሻል፤ ስህተቱ ገና ማንም ጋ ሳይደርስ ቀድመሽ የምታገኚው አንቺ መሆን አለብሽ።

አሠራሩ ቀላል ነው። በ1970 የወጣው ሕግ ስህተትን የመቃወም መብት ሰጥቶሻል፤ በ2003 የወጣው ደግሞ ሦስቱም ኩባንያዎች በዓመት አንድ ጊዜ ሪፖርትሽን በነፃ እንዲሰጡሽ አስገደደ። አሁን በየሳምንቱ በነፃ ይሰጣሉ። ሕጉ ያቋቋመው ድረ ገጽ አንድ ነው፤ አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም። ስሙን አስመስለው የካርድ ቁጥር የሚጠይቁ ሌሎች አሉና ፊደሉን ለይተሽ ጻፊ። ሪፖርቱን ማየት ስኮር ይቀንሳል የሚል ወሬ በእኛ ሰው ዘንድ አለ። ራስሽ ስታዪው አንዲት ነጥብ አይቀንስም። በየአራት ወሩ አንዴ ብታዪ ይበቃል፤ ቤት ለመከራየት ስታስቢ ግን ቀደም በዪ፤ አከራዩ ማየቱ አይቀርምና።

ያላወቅሽው ነገር ካገኘሽ ለኩባንያውም፣ መረጃውን ለላከውም አበዳሪ በጽሑፍ አሳውቂ፤ ማስረጃሽን አያይዢ፤ ዋናውን ወረቀት ግን አንቺ ጋ አስቀሪ። ኩባንያው አብዛኛውን ጊዜ በ30 ቀን ውስጥ አጣርቶ መልስ መስጠት አለበት። በስልክ ብቻ ተናግረሽ አትተይው። አብዛኛው መጥፎ መዝገብ እስከ ሰባት ዓመት ይቀመጣል፤ ሰባት ዓመት በአንቺ ዕድሜ ብዙ ነው።

በ2017 ከኢኩዊፋክስ የ147 ሚሊዮን ሰው ያህል መረጃ ተሰርቋል። ከዚያ ወዲህ በወጣው ሕግ መዝገብን ማሸግ፣ ፍሪዝ የሚሉት፣ በሦስቱም ዘንድ በነፃ ሆኗል። ቤቱን ከተከራየሽ በኋላ አሽጊው። ብድር ስትፈልጊ ራስሽ ትከፍቺዋለሽ።

አንድ ከባድ ነገር ልጨምርልሽ። ወዳጅ ዘመድ ለመኪና ዋስ ሁኚኝ ብሎ ይመጣብሽ ይሆናል፤ የእኛ ሰው እምቢ ማለት ይከብደዋል። ስትፈርሚለት ብድሩ ሪፖርትሽ ላይ እንደ ራስሽ ዕዳ ሊቆጠር እንደሚችል፣ እሱ ቢያዘገይ መዘግየቱ ባንቺ ስም ሊጻፍ እንደሚችል እወቂ። መዘግየቱን ቀድሞ ደውሎ የሚነግርሽ ላይኖር ይችላል። ዕቁብሽን ሳታጓድዪ ብትጥዪ ደግሞ የሚመዘግብልሽ የለም። ስለዚህ ለሰው ስትረዪ ካለሽ ላይ ስጪ፤ ስምሽን ግን አታውሺ።

ሪፖርቱን ከዚህ ሳትወጪ ጠይቂ፤ ማንነትሽን ለማረጋገጥ ስለ ቀድሞ አድራሻሽና ስለ ብድርሽ ጥያቄ ያቀርቡልሻል፤ ወረቀቶችሽም እዚሁ ናቸው። ያልኖርሽበት አድራሻ ወይም ያልከፈትሽው ሒሳብ ካየሽ ሰዓቱ መሸ ሳትዪ ደውዪልኝ፤ ደብዳቤውን አብረን እንጽፈዋለን።

እግዚአብሔር መንገድሽን ያቅናልሽ።

አባትሽ፣
ከሲልቨር ስፕሪንግ