አፍንጫ ስንሠራ

አቤት ያን ጊዜ! አጋሮ ገበያ እናቴን «ልጅሽ ዩኒቨርሲቲ ምን ይሠራል?» ሲሏት «ዱቄት ይፈጫል» ትል ነበር። አልዋሸችም። ፊዚክስ ብዬ የገባሁበት ሙያ አንከባልሎ አንከባልሎ የጣለኝ ዚንክ ኦክሳይድ የሚባል ነጭ ዱቄት ላይ ነው፤ ፋርማሲ ውስጥ በሕፃናት ቅባት ተለውሶ የሚሸጠው ያው ራሱ። የእኔው ግን ጋዝ እንዲያሸት ነበር የተፈለገው።

ነገሩ ሲወራ ቀላል ነው። ቅንጣቱ አየር ላይ ሲግል ኦክስጅን ላዩ ላይ ይለጠፍና ኤሌክትሮን ይበደራል። ብድሩ እስካልተመለሰ ኤሌክትሪክ በዚያ ዱቄት ማለፍ ይከብደዋል። የአልኮል ትነት ወይም የከሰል መርዝ፣ ያ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሲመጣ ከኦክስጅኑ ጋር ይቃጠላል፤ ኤሌክትሮኑ ለባለቤቱ ይመለሳል፤ ሜትሩ ላይ ያለው የሬዚስታንስ ቁጥር ቁልቁል ይወርዳል፤ እኛ እንጮሃለን። በቃ! ጃፓኖች ይህን በ1962 እ.ኤ.አ. ደርሰውበታል፦ ሴያማ በዚንክ ኦክሳይድ፣ ታጉቺ በቲን ኦክሳይድ። ታጉቺን ያስጨነቀው የማእድ ቤት ጋዝ ሾልኮ ቤት ማፈንዳቱ ነበር። ኋላ ያማዞዬ የሚባል ሌላ ጃፓናዊ የቲን ኦክሳይዱ ቅንጣት ወደ 6 ናኖሜትር ሲወርድ የማሽተት ኃይሉ ድንገት እንደሚዘል አሳየ። ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። እኛም ጅማ ተቀምጠን ይህን አነበብንና እብደት ያዘን፦ አሳንስ! አሁንም አሳንስ!

በምን ዓይን አይተህ ታሳንሳለህ ታዲያ? የፈጨነው ናኖ ይሁን ተራ ዱቄት የሚነግረን መሣሪያ በአጠገባችን አልነበረም። ዱቄቱ በብልቃጥ ይታሸግና ውጭ አገር ለሚማር ወዳጅ በሰው እጅ ይላካል። አውሮፕላን ማረፊያ «ይህ ነጭ ነገር ምንድን ነው?» ተብሎ የተያዘው መልእክተኛችን ያላበው ላብ! «አፍንጫ ነው» ብሎ መመለሱን ስሰማ ከወንበሬ ወድቄ ነበር። ውጤቱ ከወራት በኋላ ይመጣል፤ እስከዚያ እኛ ያን ዱቄት እንዴት እንደሠራነው ረስተነዋል። ምድጃው ደግሞ 500 ዲግሪ ሊደርስ ሲል መብራት ድርግም ይላል። ምን ይደረጋል? ቡና ይፈላል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ ምድጃው ይቀዘቅዛል፤ ነገ እንደገና።

ዛሬማ ተዉኝ! የጅማ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የማቴሪያል ሳይንስና ምሕንድስና ፋኩልቲ አለው፤ የዱቄቱን ክሪስታል በኤክስሬይ የሚያየውም መሣሪያ እዚያው ጅማ ውስጥ ነው። ጠዋት የፈጨኸውን ለማየት ባሕር መሻገር ቀረ። ዱቄቱንስ በምን እንደሚሠሩት ታውቃላችሁ? በቅጠል! የአገራችን ተመራማሪዎች ዚንክ ኦክሳይድን በግራዋና በብሳና ቅጠል ውኃ ሠርተው አሳትመዋል። ቅጠሉ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ቅንጣቶቹ ተያይዘው እንዳያብጡ ይከላከላል። እኔ በውድ የገዛሁትን ኬሚካል ስለካ ስኖር ጋን የሚታጠብበት ግራዋ ከጓሮዬ ቆሞ ይስቅብኝ ነበር ማለት ነው።

ተማሪዎቼ ደግሞ ኤምኪው-3 የምትባል የአልኮል ሴንሰር ከኪሳቸው ያወጣሉ፤ ውስጧ ያው የታጉቺ ቲን ኦክሳይድ ነው። አርዱዪኖ ከምትባል ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ጋር አገናኝተው ከምሳ በፊት ያስጮኋታል። ቀናሁ፤ አልደብቅም።

አንድ ቀን ይችኑ ይዘን ወደ ጎማ ወረዳ ቡና ማጠቢያ ወረድን። ቀዩ ቡና ተፈልፍሎ ገንዳ ውስጥ ሲብላላ አልኮል ይወጣዋል፤ የማጠቢያው ሰዎች ፍሬውን በመዳፋቸው አሽተው ልጋጉ መልቀቁን ይለያሉ። እኛ በጋዙ ልናውቅ ነው! ሴንሰሯን ገንዳው አፍ ላይ አስጠጋናት፤ ቁጥሩ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ በድንገት አበደች። «መምህር፣ ደረሰ! ደረሰ!» ልጆቹ ይዘላሉ። ዞር ብል ዘበኛው ከኋላችን አጎንብሶ ያያል፤ ማለዳውን በአረቄ ነው የጀመረው።

የዚህ ሙያ ዋና ሕመም ይኸው ነው፦ ኦክሳይድ አድሎ አያውቅም። ገንዳም ይሁን ዘበኛ፣ አልኮል ከሆነ አልኮል ነው። ጭስም ይነካዋል፣ እርጥበትም። የጅማ ክረምት ስንቱን የምርምር ወረቀቴን በልቶብኛል! ውኃው የኦክስጅኑን ቦታ ይሻማና በጋ ላይ የለካኸው በሐምሌ ሌላ ቁጥር ይሆናል። መላውን ፐርሳድና ዶድ የተባሉ ሰዎች በ1982 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ አሳይተዋል፤ አንድን ሴንሰር ብቻ አትመን፣ የተለያዩትን ባንድ ደርድርና የሁሉንም መልስ አብረህ አንብብ። አሁን ልጆቹ በዚህ ተጠምደዋል፤ ኮምፒውተሩን የገንዳውን ሽታና የአረቄውን ሽታ ለየብቻ እያስጠኑት ነው። የአረቄውን ናሙና ዘበኛው በደስታ ያቀርባል፤ በየሳምንቱም «አልበቃም እንዴ? ልጨምር?» ይላል።