ስለ ቤት መብራትና ስለ ሠራተኛው

እሳትን በሚገባ መያዝ የቤት አስተዳደር መጀመሪያ መሆኑን አባቶቻችን ያውቁ ነበር። ስለዚህ ምድጃውን ከግድግዳ ያርቁታል፤ ፍሙንም ማታ በአመድ ያዳፍኑታል፤ ልጅም ገና በዳዴ ሳለ ከእሳት እንዲርቅ ይማራል። ዛሬ በየቤታችን የገባው እሳት ግን ጭስ የለውም፤ ፍምም የለውም፤ በግድግዳ ውስጥ ተሰውሮ ስለሚሄድ በዐይን አይታይም። ይህን የማይታይ እሳት የሚያዳፍንልን ሰው ማን እንደ ሆነ፣ እንዴትስ መርጠን ወደ ቤታችን ልናስገባው እንደሚገባን ጥቂት ቃል ለመጻፍ አሰብሁ።

የኤሌክትሪክ መብራት በአገራችን የተጀመረው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን በቤተ መንግሥት ነው። ከዚያም ወዲህ ብዙ ተሠርቷል። በ1952 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቆቃ ግድብ ኀይሉ 43 ሜጋ ዋት ያህል ነበር፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ግን 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም አለው። ይህ ሁሉ የሚያስደስት ነው። ዳሩ ግን ኀይሉ ከወንዝ ተነሥቶ ተራራውንና ቆላውን ካቋረጠ በኋላ የመጨረሻዋን ዐሥርና ሃያ ክንድ፣ ማለት ከቆጣሪው እስከ ምጣዳችን ያለውን መንገድ የሚያልፈው የሰፈራችን ሠራተኛ በዘረጋው ሽቦ ነው። ግድቡ ቢያምር፣ ምሰሶው ቢቆም፣ ይህች የመጨረሻይቱ መንገድ ከተበላሸች ለቤተ ሰቡ በረከት የመጣው ነገር መርገም ይሆንበታል።

እኔ የምኖረው ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ባለችው በከሚሴ ከተማ ነው። ከሚሴ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት፤ የቦርከና ወንዝና የጨፋ ሜዳ ጎረቤቶቿ ናቸው። አገሩ ሞቃት ስለ ሆነ ማራገቢያና ማቀዝቀዣ እንደ ጌጥ የሚቈጠሩ አይደሉም። ከቤቶቻችንም ብዙዎቹ መጀመሪያ ሲሠሩ የተዘረጋላቸው ሽቦ ለሁለት ወይም ለሦስት አምፑል ብቻ የሚበቃ ነበር። ከዚያ በኋላ ቴሌቪዥን መጣ፤ ማቀዝቀዣ ተጨመረ፤ ማራገቢያ ተሰቀለ፤ በመጨረሻም የኤሌክትሪክ ምጣድ ገባ። ቤቱ አድጓል፤ ሽቦው ግን አላደገም።

የእኔም ቤት እንዲሁ ነበረ። ከሌላ ሰው ገዝቼ የገባሁበት ቤት ስለ ሆነ ሽቦውን ማን እንደ ዘረጋው አላውቅም። በገባን በሁለተኛው ሳምንት ባለቤቴ እንጀራ ስትጋግር እርጥብ እጇ የምጣዱን ጠርዝ በነካ ቍጥር ይነዝራት ጀመር። ጎረቤቶች «ምጣድ ሁሉ ጥቂት ጥቂት ይነዝራል፤ ልማዱ ነው፤ ደረቅ ጣውላ ላይ ቆመሽ ጋግሪ» ብለው መከሯት፤ እርሷም ጣውላ አመጣች። ትንሿ ልጃችን ግን እናቷ በምትጋግርበት ቀን ሁሉ በባዶ እግሯ ወደ ምጣዱ ትጠጋለች፤ ለእርሷ ደግሞ ጣውላ የላትም። ይህን ባየሁ ጊዜ ምጣዱን ነቅዬ አስቀመጥሁት፤ በማግሥቱም ሠራተኛ ፍለጋ ወጣሁ።

ሁለት ሰዎች መጡልኝ። የመጀመሪያው ቆጣሪውንም ሳያይ፣ ግድግዳውንም ሳይመረምር፣ «ሶኬቱን ከፍቼ ሁለቱን ሽቦ ባገለባብጠው ይተዋል፤ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው» አለ፤ የጠየቀውም ዋጋ ትንሽ ነበር። ሁለተኛው ከዳዋ ጨፋ ገጠር የመጣ፣ በቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤት የተማረ ወጣት ነው። ስለ ዋጋ ስጠይቀው፣ «ጋሼ፣ ሳላይ ዋጋ አልናገርም፤ መጀመሪያ ቆጣሪውን ያሳዩኝ» አለኝ። እኔም ለዚህ መልሱ ብቻ ሥራውን ልሰጠው ወደድሁ። ምክንያቱም መዝገቡን ሳያነብ ፍርድ የሚናገር ዳኛ እንደማይታመን ሁሉ፣ ቤቱን ሳያይ ዋጋ የሚቈርጥ ሠራተኛም አይታመንም። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ይባላልና።

ወጣቱ ዋናውን ማጥፊያ አጥፍቶ፣ ኀይል አለመኖሩንም በመሞከሪያው አረጋግጦ ሲመረምር ያገኘው ነገር አራት ነው። አንደኛ፣ በፊውዙ ቦታ ፊውዝ የለም፤ ቶሎ ቶሎ እንዳይቃጠል ብሎ አንድ ሰው ወፍራም የመዳብ ሽቦ አስሮበታል፤ ይህም ዘበኛውን አባርሮ በሩን እንደ መክፈት ነው። ሁለተኛ፣ ሽቦዎቹ የተቀጣጠሉት በእጅ ተጠምዝዘው በላስቲክ ከረጢት ተጠቅልለው ነው። ሦስተኛ፣ ለምጣዱ የተዘረጋው ለመብራት የሚሆነው የ1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ቀጭን ሽቦ ነው። አራተኛና ከሁሉ የሚከፋው ግን፣ የምድር ሽቦ ከቶ አልነበረም።

ስለ ቀጭኑ ሽቦ ሲያስረዳን በወረቀት ላይ ሒሳብ ሠራልን። ምጣዳችን 3,500 ዋት የሚፈጅ ነው፤ የቤታችን ኀይል ደግሞ 220 ቮልት ነው፤ 3,500ን ለ220 ብንካፈል 16 አምፔር ያህል ይሆናል። በዚያ ላይ ማቀዝቀዣው በዚሁ ሽቦ ይሠራል። ሽቦ ከዐቅሙ በላይ ሲሸከም ይግላል፤ በሞቃት አገርና በተዘጋ ግድግዳ ውስጥ ደግሞ ሙቀቱ መውጫ ስለሌለው ልባሱ ይደርቃል፤ ይሰነጠቃል፤ በመጨረሻም እሳት ያስነሣል። ስለዚህ ለምጣዱ ከዋናው ሳጥን የሚነሣ የ4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ለብቻው፣ ለሶኬቶቹ 2.5፣ ለመብራቱ 1.5 እንዲሆን፣ እያንዳንዱም የራሱ ብሬከር እንዲኖረው ወሰነ።

ስለ ምድር ሽቦ ግን በቤታችን ክርክር ተነሣ። ባለቤቴ፣ «ልጄ፣ ይህ ሽቦ መብራት አያበራ፤ ምጣድ አያግል፤ ታዲያ ይህን ያህል ገንዘብ የምናወጣበት ለምንድን ነው?» አለችው። እርሱም፣ «እትዬ፣ ይህ ሽቦ በደኅና ቀን ሥራ የለውም፤ ሥራው በክፉ ቀን ነው» ሲል መለሰላት። ከረዳቱ ጋር በኦሮምኛ ሲነጋገር «ለፋ» የሚለውን ቃል ደጋግሞ ሰማነው፤ ምድር ማለት ነው። ነገሩንም እንዲህ ሲል አስረዳን፦ በምጣዱ ውስጥ ያለው ሽቦ ልባሱ አልቆ የምጣዱን ብረት ሲነካ ኀይሉ ወደ ብረቱ ይገባና ወደ ምድር የሚወርድበትን መንገድ ይፈልጋል። መንገድ ካላገኘ ብረቱን በነካው ሰው እጅ ገብቶ በእግሩ ይወጣል፤ ወለሉ እርጥብ፣ እግሩም ባዶ ከሆነ መንገዱ ይቀናለታል። የምድር ሽቦ ሲኖር ግን ኀይሉ ሰውን ትቶ በእርሱ ይወርዳል፤ ብሬከሩም ወዲያው ይቈርጠዋል። የመጀመሪያው ሰው እንዳለው ሁለቱን ሽቦ ማገለባበጥ ንዝረቱን ለጊዜው ቢያጠፋውም ሕመሙን ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም።

ከዚህ በኋላ እርጥበት በማይጠፋበት በግቢያችን የውኃ ቧንቧ አጠገብ የመዳብ ዘንግ ወደ ምድር አስገባ፤ ዙሪያውንም እርጥበት እንዲይዝ በከሰልና በጨው ሞላው፤ ከዚያም አረንጓዴና ቢጫ ልባስ ያለውን ሽቦ እስከ ሳጥኑና እስከ ሶኬቶቹ ወሰደው። ሠራተኞች «አርሲዲ» የሚሉትንም መሣሪያ ጨመረ፤ ይህም 30 ሚሊ አምፔር ያህል ኀይል ከመንገዱ ሲወጣ ባየ ጊዜ ከዐይን ቅጽበት በፈጠነ ጊዜ መስመሩን ይቈርጣል። በላዩ ያለችውን መሞከሪያ ቍልፍ በየወሩ እንድንጫን አዘዘን። ግድግዳው ሳይለሰን በፊትም የሽቦውን መንገድ ሁሉ በስልኩ ፎቶግራፍ አንሥቶ ሰጠኝ፤ ወደ ፊት ምስማር የሚመታ ሰው ሽቦውን እንዳይወጋው ነው። እኔም እንደ ጸሐፊነቴ ከቤቱ ሰነድ ጋር አስቀመጥሁት።

አንድ የባለቤቴ ዘመድ ዋጋውን ሲሰማ፣ «ለማይታይ ነገር ይህን ያህል ብር!» ብሎ ተደነቀ። እውነት ነው፤ ግድግዳው ከተለሰነ በኋላ ለእንግዳ የሚያሳዩት ነገር የለም። ነገር ግን በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ያሉት ወረቀቶች ሁሉ በደኅና ቀን የሚያያቸው የለም፤ ርስት የተካካዱ ሰዎች በመጡ ቀን ግን የቤተ ሰቡ ሕይወት በእነርሱ ላይ ይቆማል። የምድር ሽቦም እንዲሁ ነው።

ክቡራን አንባቢዎች ሆይ፤ ከዚህ የተማርሁትን በአጭሩ ልዘርዝር። መጀመሪያ፣ እስከ ቆጣሪው ያለው መስመር የኤሌክትሪክ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ነው፤ ከቆጣሪው ወዲህ ወደ ቤት የሚገባው ግን የባለቤቱ ኀላፊነት ነው። ስለዚህ የቆጣሪውን ማሸጊያ ቈርጬ ልሥራ የሚል ሠራተኛ ቢመጣ አትቀበሉት። ሁለተኛ፣ የሙያ ማረጋገጫ ወረቀቱን ጠይቁ፤ በኤሌክትሪክ ሥራ ለሚሠማሩ ሰዎች የሙያ ብቃት ማረጋገጫ እንዲያስፈልግ የኢነርጂ አዋጅ ቍጥር 810/2006 ደንግጓል። ሦስተኛ፣ ቃል ብቻ አትለዋወጡ፤ የሽቦው ውፍረት፣ የብሬከሩ ልክ፣ ዕቃውን የሚገዛው ማን እንደ ሆነ፣ ቀብዱና ቀሪው ክፍያ፣ የሚጠናቀቅበትም ቀን በአንድ ገጽ ይጻፍ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 2610 እንዲህ ያለውን ውል ሲተረጕም፣ ሠሪው በራሱ ኀላፊነት የተወሰነ ውጤት ለማስገኘት፣ አሠሪውም ዋጋ ለመክፈል የሚገቡት ግዴታ ነው ይላል። ውጤቱ በጽሑፍ ካልታወቀ ኀላፊነቱን ማን ይለካዋል? አራተኛ፣ የዕቃውን ዋጋና የእጅ ሥራውን ዋጋ ለይታችሁ ተዋዋሉ፤ ሁለቱ ከተደባለቁ ሠራተኛው ትርፉን የሚያገኘው ሽቦውን በማቅጠን ነውና።

ከሁሉ በላይ የማሳስበው ግን ሠራተኛውን ስለ ማክበር ነው። በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ቆዳ ፋቂውን፣ ጸሐፊውንም ሳይቀር በሥራው የሚሰድበውን ሰው የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። ስድቡ በአዋጅ ቀርቷል፤ ንቀቱ ግን በብዙ ቤት አሁንም አለ። ሹም የሆነውና ከትልቅ ቤት የተወለደው ሰው ለሐኪም ከመቀመጫው እየተነሣ፣ ለባለ ሽቦው ግን በደጅ ያስቆመዋል፤ «ቶሎ ጨርስ» ይለዋል፤ ዋጋውንም ሲሰጥ ነገ ተነገ ወዲያ እያለ ያመላልሰዋል። እንዲህ የተደረገበት ሠራተኛ ቢቸኵል፣ ጕድለቱንም በልስን ቢሸፍን ይደንቃልን? የእኛው ወጣት ለሶላት ሲነሣ ውኃ ቀረበለት፤ ቡናውን ከእኛ ጋር ጠጣ፤ ሥራው ሲያልቅም ዋጋውን በዚያው ቀን ተቀበለ። እርሱም በሦስተኛው ሳምንት ሳንጠራው መጥቶ ማሰሪያዎቹን ሁሉ እንደ ገና አጠበቀልን።

ሥራ ለሠሪው እሾህ ላጣሪው እንዲሉ፣ እያንዳንዱ ነገር ለሚያውቀው ይሰጥ። የሚያምረውን አምፑል ከመግዛታችን አስቀድሞ በግድግዳው ውስጥ ያለውን እናስመርምር፤ ለሚታየው ብቻ ሳይሆን ለማይታየውም ሥራ በደስታ እንክፈል። ምጣድ ይነዝራል ተብሎ በጣውላ ላይ መቆም ልማድ ሊሆን አይገባውም፤ በየቤታችን ያሉት ልጆች ጣውላ የላቸውምና።