የአያቴ አገጭ

ደብረ ብርሃን ተማሪ ሳለሁ፣ ስስቅ አፌን በመዳፌ የመሸፈን ልማድ ነበረኝ። ፊቴ ረዥም ነው፤ አገጬ ወደ ፊት ይወጣል፤ አፌን ስገጥም የታች ጥርሶቼ የላዮቹን አልፈው ከፊት ይቆማሉ። ዳቦ የምገምጠው በጎን ጥርሶቼ ነው።

ሃያ ዓመት ሲሞላኝ አዲስ አበባ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሙ ከጎን አዩኝና፣ «ነገሩ ከጥርስህ ሳይሆን ከመንጋጋህ ነው። ሽቦ ጥርስህን ያሰልፋል፤ አጥንቱን ግን የሚመልሰው ቀዶ ሕክምና ነው። ያን ጊዜ ንክሻህ ብቻ ሳይሆን መልክህም ይለወጣል» አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። አሜሪካዊው ኤድዋርድ አንግል እ.ኤ.አ. በ1899 የጥርስን አገጣጠም በሦስት መደብ ከፈለ፤ የእኔ ሦስተኛው ነው። ጥርስ በሥርዓት ከተገጣጠመ ፊትም አብሮ ያምራል የሚል እምነት ነበረው። ዛሬ የሚታወቀው ግን ከዚህ ለዘብ ያለ ነው። ረዥም ፊት ባላቸው ወጣቶች የፊት ጥርሶች ሳይገናኙ ክፍት ሆነው መቅረታቸው ያዘወትራል፤ አጭርና ሰፊ ፊት ባላቸው ደግሞ የላዮቹ የታቾቹን አብዝተው ይሸፍናሉ። ይህ ዝንባሌ እንጂ ሕግ አይደለም። መንጋጋ ይወረሳልም፤ የስፔኑ ንጉሥ ዳግማዊ ካርሎስ (1661–1700) ከሀብስበርግ አባቶቹ የወረሰው አገጭ በሥዕሎቹ ላይ ዛሬም ይታያል።

የእኛ ቤት ግን ሠዓሊ አልነበረውም። አንኮበር ወርጄ ለሴት አያቴ ስለ ቀዶ ሕክምናው ስነግራቸው ገብስ ይቆሉ ነበር። ማማሰያውን ሳይለቁ ብዙ ዝም አሉ።

«አያትህ ፎቶ ሳይነሡ ነው የሞቱት» አሉኝ በመጨረሻ። «አንተ በበሩ ስትገባ እሳቸው የገቡ ይመስለኛል። ቢሆንም የሚያስቸግርህ ከሆነ ይስተካከል፤ ለእኔ ስትል አትቅር፣ ልጄ።»

ቀረሁ። ለእሳቸው ስል ይሁን ፈርቼ፣ እስከ ዛሬ አልለየሁትም። ብቻ በእሳቸው ፊት ስስቅ እጄን ከአፌ ላይ ማንሣት ለመድኩ።

ሴት አያቴ ባለፈው ዓመት አረፉ። አሁን በዚህ ፊት ውስጥ አያቴን የሚያይ ሰው የለም። ባለፈው ሳምንት ደብረ ብርሃን ፀጉር ልስተካከል ተቀምጬ፣ አስተካካዩ ራሴን ወደ ጎን ሲያዞረው፣ ያልታሰበ ገጽታ በመስተዋቱ ጠርዝ አየሁ። የማላውቃቸውን ሰው ለማየት አንገቴን ሳልመልስ ቆየሁ። የሐኪሙ ወረቀት ዛሬም መሳቢያዬ ውስጥ ነው።