መኪናይቱ የሾፌሩን ሐሳብ ስታነብ

እናቶችና እህቶች፣ በአዘና የገበያ ቀን መንገድ ለመሻገር የቆመች ሴት ዓይኗ የሚያርፈው በሾፌሩ ፊት ላይ ነው። አየኝ ወይስ አላየኝም? ሊቆም ነው ወይስ ሊያልፍ? ይህን ለመገመት ማንም አላስተማራትም። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የሚሰበሰቡትን የአገው ፈረሰኞች ያየም ይህን ያውቃል፤ ጋላቢው ልጓሙን ከመሳቡ አስቀድሞ ፈረሱ ከጭኑ መጥበቅና ከአቀማመጡ መለወጥ ወዴት ሊዞር እንዳሰበ ይረዳዋል።

ዛሬ ይኸው ሙያ ለመኪና ተሰጥቷል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ በሚመጡት የኤሌክትሪክ መኪናዎች፣ በአያሌዎቹ ውስጥ፣ ሾፌሩን የሚከታተል መሣሪያ ተገጥሞ ይገኛል። ባለቤታችሁ ወይም ወንድማችሁ «ይህ ነገር ይጮህብኛል» ብሎ ሲያማርር ከሰማችሁ ነገሩ ይህ ነው።

መሣሪያው የሰውን ልብ አያይም። የሚከታተለው እጅን፣ እግርንና ዓይንን ነው። ሾፌር ረድፍ ሊቀይር ሲያስብ መሪውን ከማዞሩ በፊት ስፖኪዮውን ያያል፣ አንገቱን ዘወር ያደርጋል፣ ፍሬቻ ያሳያል። መርሰዲስ ቤንዝ እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጣው የፍሬን አጋዥ ደግሞ የሚያነበው የሾፌሩን እግር ነው። የደነገጠ ሰው ፍሬኑን ቶሎ ይረግጣል እንጂ ብዙውን ጊዜ አጥብቆ አይረግጥም፤ ስለዚህ መሣሪያው የአረጋገጡን ፍጥነት ለክቶ «ይህ ሰው መቆም ፈልጓል» ይልና የጎደለውን ኃይል ራሱ ይጨምርለታል። ሕፃን ከፊቱ ለገባበት ሾፌር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ችግሩ ፍሬቻው ላይ ነው። መስመር ጠባቂው መሣሪያ ፍሬቻ በርቶ መስመር ቢታለፍ «አስቦበት ነው» ብሎ ዝም ይላል፤ ሳይበራ ቢታለፍ ግን ሾፌሩ እንዳንቀላፋ ቆጥሮ ይጮኻል፣ አንዳንዱም መሪውን ይመልሳል። የእኛ ሾፌሮች የሚነጋገሩት በክላክስና በመስኮት በሚወጣ እጅ ነው። ጋሪ ለመቅደም ወይም ከበግ መንጋ ለመሸሽ ፍሬቻ የሚያበራው ስንቱ ነው? ስለዚህ መኪናይቱ ነቅቶ የሚነዳውን ሰው እንቅልፋም ታደርገዋለች፤ እሱም ተናድዶ መሣሪያውን ያጠፋዋል። (በቤት ውስጥም ሳልናገር ይወቁልኝ የሚል ሰው አይጠፋም፤ እሱን ለሌላ ቀን እንተወው።) የተቀባ መስመር በሌለበት የገጠር መንገድ ደግሞ መስመር ጠባቂው የሚያነበው ስለሚያጣ ሥራውን ይተዋል፤ ሾፌሩ ግን አለልኝ ብሎ ሊዘናጋ ይችላል።

ልጆቻችሁ «አዲሶቹ መኪናዎች ራሳቸው ይቆማሉ» የሚል ወሬ ሰምተው ይሆናል። መንገድ ዳር አብራችሁ ስትቆሙ የሾፌሩን ፊት እንዲያዩ አሳዩአቸው። ወደ ስልኩ አጎንብሶ ከሆነ መኪናይቱ ቀስ ብትልም አይግቡ፤ እስክታልፍ ይጠብቁ።